ያለ መርከብ የሚላክ ሸቀጥ፦ የካንኩን የባሕር ዳር ከተማ ለነጋዴ የምትሰጠው ትምህርት

ላኪ ነጋዴ ሸቀጡን አበጥሮና አስመዝኖ በጆንያ ከሞላ በኋላ ወደ ወደብ ይሰደዋል፤ ገዢው ያለው ከባሕር ማዶ ነውና ሸቀጡ ወደ ገዢው ይጓዛል። ይህን ሥርዐት የሚገለብጥ አንድ ዐይነት የውጭ ንግድ ግን አለ። በዚህኛው ንግድ ሸቀጡ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ገዢው ራሱ የጕዞውን ዋጋ ከፍሎ፣ የውጭ ምንዛሪውን በኪሱ ይዞ ወደ ሸቀጡ ይመጣል፤ የገዛውን ፀሐይ፣ ነፋስ፣ ምግብና ዕረፍት እዚያው ተጠቅሞበት ወደ አገሩ ይመለሳል። ይህ ንግድ የአገር ጐብኚዎች ንግድ ይባላል።

ከሩቅ ሲመለከቱት በከተማው ያለ ሰው ሁሉ የሚያተርፍበት ይመስላል። ቀርበው ሲመረምሩት ግን የእንግዳው ገንዘብ በከተማው ውስጥ ማለፉና በከተማው ውስጥ መቅረቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ይታወቃል። ገንዘቡ የሚቀረው እንግዳው ባደረበት ቦታ ሁሉ ሳይሆን፣ እንግዳው የሚበላውን፣ የሚጠጣውን፣ የሚለብሰውንና የሚታጠብበትን ባቀረበው ነጋዴ እጅ ነው። ለዚህ ነገር አስረጅ የምትሆን ከተማ በሜክሲኮ አገር በካሪብ ባሕር ዳር የተቈረቈረችው ካንኩን ናት። ካንኩን በዓለም ሞቃት የባሕር ጠረፎች ከሚገኙት የመዝናኛ ከተሞች እጅግ ከደመቁት አንዷ ስትሆን፣ ከብዙዎቹ የሚለያት ታስባና ተሰልታ፣ ያውም በባንክ ባለሙያዎች ውጥን የተፈጠረች መሆኗ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታትና ወራት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ሜክሲኮ የሚለው ስም ለአዲስ አበባ ነጋዴ እንግዳ አይደለም። ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ወረራውን ሕጋዊ ነው ብለው ካልተቀበሉት ጥቂት መንግሥታት አንዱ የሜክሲኮ መንግሥት ነበር። ስለዚህም በአዲስ አበባ የሜክሲኮ አደባባይ፣ በሜክሲኮ ዋና ከተማም በኢትዮጵያ ስም የተሰየመ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ይገኛል፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1954 ያንን አገር ጐብኝተዋል። በዚህ ወዳጅ አገር ያለችው የካንኩን ታሪክ ግን በኢትዮጵያ ነጋዴዎች ዘንድ እምብዛም አልተነገረም።

የከተማይቱ አመሠራረት

ካንኩን የምትገኘው በሜክሲኮ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ዩካታን በሚባለው ባሕረ ገብ ምድር ነው። የሆቴሎቹ ሰፈር የተሠራበት ቦታ በካሪብ ባሕርና ኒቹፕቴ በተባለው ጨዋማ ሐይቅ መካከል የተዘረጋ ቀጭን የአሸዋ ደሴት ነው። ርዝመቱ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ቅርጹ የ7 ቍጥርን ይመስላል፤ በሁለቱም ጫፎቹ በድልድይ ከየብስ ጋራ ተያይዟል። በ1970 መጀመሪያ ላይ በዚህ ደሴት ላይ የነበሩት ነዋሪዎች ሦስት ብቻ ሲሆኑ፣ እነርሱም የአንድ ባለሀብት የኮኮናት እርሻ ጠባቂዎች ነበሩ። በአቅራቢያው በነበረው ፖርቶ ሁዋሬስ በተባለው የዓሣ አጥማጆች መንደርም 117 ያህል ሰዎች ይኖሩ ነበር።

ታዲያ ይህን ባዶ አሸዋ ከተማ ያደረገው ምንድን ነው? በ1960ዎቹ የሜክሲኮ ፋብሪካዎች እየበዙ ሲሄዱ ከውጭ የሚገዙት መሣሪያም በዛ፤ የውጭ ምንዛሪ ፍላጎትም ዐብሮ ጨመረ። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ፣ ማለት የሜክሲኮ ባንክ፣ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ጠረፍ ያለችው አካፑልኮ ከጐብኚዎች የምታገኘውን ገቢ ተመልክቶ፣ ይህን የመሰሉ ሌሎች ከተሞች በዕቅድ ቢሠሩ ምንዛሪ ሊገኝ ይችላል ብሎ ዐሰበ። ባለሙያዎቹ የአገሪቱን የባሕር ጠረፎች እያነጻጸሩ የአየሩን ጠባይ፣ የውሃውን ሙቀት፣ የአሸዋውን ጥራትና ከጐብኚዎቹ አገር ያለውን ርቀት መረመሩ። ከዚህም ጥናት በኋላ ካንኩን ቀደምት ሆና ተመረጠች፤ ኢስታፓ፣ ሎስ ካቦስ፣ ሎሬቶና ዋቱልኮ የተባሉትም ቦታዎች በኋላ በዚሁ ዐይነት ዕቅድ ተሠሩ።

ምርጫው ከንግድ ዐይን ሲታይ ሦስት ምክንያቶች አሉት። አንደኛ፣ ገዢው ቅርብ ነው፤ ከአሜሪካዋ ማያሚ ከተማ እስከ ካንኩን በአይሮፕላን ከሁለት ሰዓት ያነሰ ጕዞ ነው። ሁለተኛ፣ የተፎካካሪ ሱቅ ተዘግቶ ነበር፤ በ1959 በኩባ አብዮቱ ድል ካደረገ በኋላ የአሜሪካ ጐብኚዎች ይጐርፉባት የነበረችው ሃቫና ለእነርሱ ተዘጋች፤ የካሪብን ፀሐይ የለመደው ደንበኛ ግን ልማዱን አልተወም። ሦስተኛ፣ አካባቢው ሥራ ያስፈልገው ነበር፤ የዩካታን ገበሬ የሚተዳደርበት የቃጫ ንግድ ሰው ሠራሽ ገመድ በዓለም ገበያ ከወጣ ወዲህ ተዳክሞ ነበርና።

አሠራሩም ቅደም ተከተል ነበረው። በ1969 ለጐብኚዎች ከተሞች መሠረተ ሥራ የሚውል ልዩ ገንዘብ በባንኩ ሥር ተቋቋመ። በ1970 ሥራው ተጀመረ፤ ከተማይቱ የልደቷን ቀን የምትቈጥረውም ከኤፕሪል 20 ቀን 1970 ነው። በ1971 የአሜሪካ አህጉራት የልማት ባንክ 21.5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ። በዚህም ገንዘብ ከሆቴሎቹ አስቀድሞ መንገዱ፣ የውሃው ቧንቧ፣ የኤሌክትሪኩ መሥመር፣ የፍሳሹ ማስወገጃና የአይሮፕላን ማረፊያው ተሠሩ። ይህም ሁሉ ሆኖ ባለሀብቶች ገንዘባቸውን በባዶ አሸዋ ላይ ለማፍሰስ ስላመነቱ፣ የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ሆቴሎች በገንዘብ የረዳው መንግሥት ነበር። በ1974 የመጀመሪያዎቹ ሆቴሎች ተከፈቱ፤ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ኪንታና ሮ የተባለው ግዛት ሙሉ ክፍለ መንግሥት ሆነ። በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በካንኩን ከተማ 888,797 ሰዎች ተገኝተዋል። በ50 ዓመት ውስጥ ከሦስት ዘበኞች ተነሥቶ ወደ 900 ሺህ የተጠጋ ሕዝብ መድረሱ የሚያስደንቅ ነው።

ጐብኚው ምን ያያል?

ወደ ካንኩን የሚገባ እንግዳ አስቀድሞ የሚያስተውለው ከተማይቱ ሁለት መሆኗን ነው። አንደኛዋ በደሴቱ ላይ የተዘረጋችው የሆቴሎች ሰፈር ናት፤ ሁለተኛዋ በየብስ ላይ ያለችው የነዋሪዎች ከተማ ናት። ዕቅዱ ሲነደፍ ሆን ተብሎ እንዲህ ተለይተው ተሠርተዋል።

በሆቴሎች ሰፈር ኩኩልካን የተባለው አንድ ረዥም ጐዳና ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልፋል። በአንድ ወገን ሆቴሎቹ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዙረው ተሰልፈዋል፤ በሌላው ወገን በሐይቁ ዳር ትላልቅ የገበያ አዳራሾች፣ ምግብ ቤቶችና የጀልባ መነሻዎች አሉ። አውቶቡሱ ቀንም ሌሊትም ስለሚመላለስ፣ ኪሱን የሚቈጥብ እንግዳ ታክሲ ሳይይዝ ከዳር እስከ ዳር ሊጓዝ ይችላል። የባሕሩ ቀለም ከነጣ ሰማያዊ እስከ አረንጓዴ ይለዋወጣል። አሸዋው ከኖራ ድንጋይ ዘር ስለ ሆነ ነጭ ነው፤ በቀትር ፀሐይም ባዶ እግርን አያቃጥልም። በስተ ሰሜን ያለው ዳርቻ ከፊቱ የሴቶች ደሴት የምትባለው ኢስላ ሙሄሬስ ስለምትከልለው ውሃው የረጋ ነውና ለሕፃናት ይመቻል። በስተ ምሥራቅ ያለው ግን ማዕበሉ ብርቱ ስለ ሆነ፣ ዋናተኛ በዳርቻው የሚሰቀለውን ባንዲራ ቀለም ሳያይ መግባት የለበትም። በሐይቁም ውስጥ አዞ አለ፤ በማስታወቂያ ሰሌዳ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ለቀልድ አይደለም።

በሜክሲኮ ሕግ የባሕር ዳርቻ የሕዝብ ሀብት ነው፤ ከውሃው ጠርዝ አንሥቶ 20 ሜትር የሚሆነው መሬት የፌዴራል መንግሥት ይዞታ በመሆኑ ማንም ሆቴል የግሌ ነው ብሎ ሊያጥረው አይችልም። ስለዚህ በውድ ሆቴል ያረፈው ባለጠጋና በእሑድ ቀን ቤተሰቡን ይዞ ከከተማው የመጣው ሠራተኛ በአንድ ባሕር ይዋኛሉ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ፑንታ ካንኩን በተባለው የደሴቱ ማዕዘን የዳንስ ቤቶቹ መብራት ይበራል። በማርች ወር የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲሆን ከአሜሪካ የሚመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰፈሩን ሌሊቱን ሁሉ ሲያናውጡት ያድራሉ። ጸጥታ የሚወድ እንግዳ ይህን ወር ቢያልፈው ይሻለዋል። ታሪክ ለሚወደው ደግሞ በዚያው በሆቴሎቹ ሰፈር ኤል ሬይ የተባለው የማያ ሕዝብ ጥንታዊ ፍርስራሽ አለ፤ ወደ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሄድ በባሕር ገደል ላይ የቆመችውን ቱሉምን፣ ወደ ምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዝ ቺቼን ኢትሳ የተባለውን ዕውቅ የድንጋይ ሕንጻ ያገኛል።

ሁለተኛይቱ ከተማ ግን ከዚህ ሁሉ ልዩ ናት። በዚህች ከተማ ምሽት ላይ ቤተሰቦች ፓላፓስ በተባለው መናፈሻ ተቀምጠው በቆሎና አይብ የተጠቀለለበት ስስ ጥብስ ይበላሉ፤ ገበያ 28 በተባለው ስፍራ ባለሱቆች ከመረብ የተሠራ የሚንጠለጠል መኝታ፣ የብር ጌጥ፣ ጥልፍ ቀሚስና ቫኒላ ይሸጣሉ። እዚህ መከራከር የተለመደ ነው። አስተዋይ ገዢ ዋጋውን በዶላር ሳይሆን በአገሩ ገንዘብ በፔሶ ይጠይቃል፤ ባለሱቁ ዶላሩን የሚመነዝርለት ለራሱ በሚያደላ ሒሳብ ነውና።

የእንግዳው ገንዘብ መንገድ

አሁን ወደ ዋናው ነገር መመለስ ይገባል። በ2023 በካንኩን አይሮፕላን ማረፊያ ከ32 ሚሊዮን በላይ መንገደኞች አልፈዋል። ገቢውም ወጪውም ስለሚቈጠር የእንግዶቹ ቍጥር ከዚህ ከግማሹ እንደማይበልጥ አንባቢ ልብ ይበል፤ ያም ቢሆን ለአንዲት ከተማ ብዙ ነው። ይህ ሁሉ እንግዳ የሚከፍለው ገንዘብ ወዴት ይሄዳል?

ነገሩን ለማስረዳት አንድ ምሳሌ እንውሰድ ቢባል፣ አኃዞቹ የካንኩን ሒሳብ ሳይሆኑ ለትምህርት ብቻ የተሰናዱ መሆናቸውን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። አንድ እንግዳ ለአንድ ሳምንት ጕዞ በገዛ አገሩ ላለ የጕዞ ወኪል 1,000 ዶላር ይከፍላል እንበል። ከዚህ ውስጥ 350 ዶላር ለአይሮፕላን ኩባንያው፣ 100 ዶላር ለወኪሉ ይቀራል፤ ለሆቴሉ የሚደርሰው 550 ዶላር ነው። ሆቴሉም በተራው 50 ዶላር ለስሙ ባለቤት ኩባንያ፣ 80 ዶላር ለብድር ወለድ፣ 100 ዶላር ከሩቅ ለሚመጣ ምግብና መጠጥ፣ 120 ዶላር ለሠራተኛ ደመወዝ፣ 100 ዶላር ከአካባቢው ነጋዴ ለሚገዛው ዕቃ፣ 50 ዶላር ለግብር ያወጣል፤ የቀረው 50 ዶላር የባለቤቱ ትርፍ ነው። እንግዲህ እንግዳው የከፈለው 1,000 ቢሆንም የአካባቢው ነጋዴ በቀጥታ ያየው 100 ብቻ ነው ማለት ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ስሌት ማንኛውም ነጋዴ በጥንቃቄ ሊያየው ይገባል። ከሩቅ ይመጣ ከነበረው የ100 ዶላር ምግብና መጠጥ ውስጥ የ60 ዶላሩን የአካባቢው ነጋዴ በጥራት ማቅረብ ቢችል፣ የእርሱ ሽያጭ ከ100 ወደ 160 ይወጣል። አንድም ተጨማሪ እንግዳ አልመጣም፤ አንድም ተጨማሪ ሆቴል አልተሠራም። በቀድሞው አሠራር ግን ይህንኑ 160 ለማግኘት የእንግዶቹ ቍጥር በ60 ከመቶ መጨመር ነበረበት። የእንግዶችን መብዛት መመኘት ብቻውን ንግድ አለመሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

አቅራቢው ማን ነው?

በካንኩን ይህ ነገር በግልጽ ታይቷል። የዩካታን ምድር በስስ አፈር የተሸፈነ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ዝናቡ በድንጋዩ ውስጥ ሰርጎ ከምድር በታች ስለሚሄድ በላዩ ላይ የሚፈስ ወንዝ እምብዛም የለም። ስለዚህ ለሆቴሎቹ የሚያስፈልገው አትክልት፣ ፍራፍሬና ሥጋ ብዙው 300 ኪሎ ሜትር ያህል ከምትርቀው ከሜሪዳ፣ ከመካከለኛው ሜክሲኮና ከውጭ አገር እየተጫነ ይመጣል። ከራሱ ከኪንታና ሮ ገበሬ የሚገዛው ጥቂት ነው።

አፈሩ ግን ብቸኛው ምክንያት አይደለም። ሆቴል የሚገዛበት መንገድ ከመንደር ገበያ የተለየ ነው። ሆቴል ዛሬ አንድ ሺህ ኪሎ፣ ነገም አንድ ሺህ ኪሎ ይፈልጋል፤ በመካከል የሚቋረጥ አቅራቢ አይጠቅመውም። ቲማቲሙ በመጠኑና በብስለቱ አንድ ዐይነት እንዲሆን ይፈልጋል። የታክስ ደረሰኝ ይጠይቃል። ከሁሉም ይልቅ በዱቤ ይገዛል፤ ዕቃውን ዛሬ ተረክቦ ገንዘቡን ከሳምንታት በኋላ ይከፍላል። ትንሹ ገበሬ ይህን ሁሉ ብቻውን ሊያሟላ አይችልም፤ የማቀዝቀዣ ቤት፣ የጭነት መኪናና የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ያለው ትልቁ አከፋፋይ ቦታውን ይይዘዋል። ገበሬውን ከገበያው ያራቀው የምርት ማነስ ብቻ ሳይሆን በምርቱና በሆቴሉ መካከል የሚቆም ነጋዴ መታጣቱም ነው።

ባለሱቁንም የጐዳው ሌላ አሠራር አለ። ከ1990ዎቹ ወዲህ በካንኩን ሁሉን ያካተተ የሚባለው የሆቴል ዋጋ ተስፋፍቷል። እንግዳው መኝታውን፣ ምግቡን፣ መጠጡንና ጨዋታውን በአንድ ዋጋ አስቀድሞ በአገሩ ይከፍላል፤ ሲደርስም በእጁ ላይ አምባር ታስሮለት የፈለገውን ያለ ክፍያ ይወስዳል። ለእንግዳው ወጪው አስቀድሞ የታወቀ ስለ ሆነ ይመቸዋል። ለሆቴሉም እንዲሁ። ከሆቴሉ ውጭ ላለው ምግብ ቤትና ሱቅ ግን የሚመጣው ደንበኛ ጠግቦ፣ ጠጥቶና ኪሱን ሆቴል ትቶ የወጣ ነው። ጐን ለጐን ያሉ ሃያ ሱቆች አንድ ዐይነት ባርኔጣና አንድ ዐይነት ሸሚዝ ሰቅለው ይህን አንድ እንግዳ ሲጠሩት፣ ዋጋ ከመቀነስ ሌላ መሣሪያ አይኖራቸውም። የተሻለ የሚሸጠው ሥራው ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንደ ሠራው፣ ከምን እንደ ተሠራ ሊያስረዳ የሚችል ባለሱቅ ነው፤ የእጅ ሥራ መረብ መኝታና የፋብሪካ ሸሚዝ በአንድ ሚዛን አይመዘኑምና።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ትልቅ ገበያ አለ፤ እርሱም ሠራተኛው ነው። አልጋ የምታነጥፈው፣ ወጥ የሚሠራው፣ ጀልባ የሚነዳው፣ አትክልት የሚያጠጣው ሰው ሁሉ ደመወዙን ይዞ ወደ ሁለተኛይቱ ከተማ ይመለሳል። እንግዳው በሳምንት ይሄዳል፤ ሠራተኛው ግን ዓመቱን ሙሉ ዘይት፣ ሳሙና፣ የተማሪ ጫማና የቤት ክዳን ይገዛል። ወደ 900 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከጥቂት ቀን ጐብኚ ይልቅ የጸና ደንበኛ ነው። የእንግዳውን ፊት አንድ ቀን ሳያይ በእንግዳው ገንዘብ የሚኖር ባለሱቅ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

የሸቀጡ መበላሸት

እያንዳንዱ ሸቀጥ የሚበላሽበት መንገድ አለው፤ ቡና ይሻግታል፣ ጨርቅ በብል ይበላል። የባሕር ዳር ከተማ ሸቀጥም ይበላሻል። በካሪብ ባሕር የዐውሎ ነፋስ ወራት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ይቈጠራሉ። በሴፕቴምበር 1988 ጊልበርት የተባለው ዐውሎ ነፋስ ካንኩንን መታት። በኦክቶበር 2005 ደግሞ ዊልማ የተባለው መጥቶ ሳያልፍ ከሁለት ቀን በላይ በላይዋ ቆመ፤ ሆቴሎቹን ካፈራረሰ በኋላ የዳርቻውን ነጭ አሸዋ ጠርጎ ወሰደው። እንግዳው የሚከፍለው ለአሸዋው ነበርና ሆቴሉ ቢጠገንም ሸቀጡ ጠፋ ማለት ነው። በ2006 ከባሕር ወለል አሸዋ በመርከብ እየተሳበ ዳርቻው እንዲሞላ ተደረገ፤ ያም ተመልሶ ስለ ተሸረሸረ ከ2009 እስከ 2010 ድረስ ሥራው እንደ ገና ተሠራ። በአሸዋ ክምሩ ላይ ሆቴል መሥራት ማዕበል አሸዋውን እየወሰደ እየመለሰ የሚኖርበትን ሥርዐት እንደሚያውክ ባለሙያዎች ያስረዳሉ። ሻጩ መጋዘኑን የሠራው በሸቀጡ ላይ ነበር።

ከ2011 ወዲህ፣ ይልቁንም በ2015ና በ2018፣ ሳርጋሶ የተባለ ቡናማ የባሕር ሣር በብዛት ወደ ዳርቻው እየተገፋ መጥቶ እየሸተተ አስቸግሯል፤ ሆቴሎችም ሠራተኛ ቀጥረው ማለዳ ማለዳ ያስጠርጉታል። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በዓለም በተነሣ ጊዜ ሆቴሎቹ ለሁለት ወር ያህል ተዘግተው በጁን ተከፈቱ፤ በዚያን ጊዜ በአንድ ገዢ ላይ ብቻ የተመሠረተ ንግድ እንዴት በአንድ ሳምንት ውስጥ ዝም እንደሚል ታየ። ሆቴሉ ሲዘጋ አትክልት አቅራቢውም፣ ልብስ አጣቢውም፣ ታክሲ ነጂውም ዐብረው ተዘጉ።

ሸቀጥን ለመጠበቅ የተደረገ አንድ ብልኀትም አለ። በባሕሩ ውስጥ ያለውን ሕያው የዛጎል ድንጋይ ጠላቂዎች በብዛት እየረገጡ ስላጐሳቈሉት፣ ከ2009 ጀምሮ ከ500 የማያንሱ ሐውልቶች በባሕሩ ወለል ላይ ተተከሉ፤ ጐብኚው ሐውልቶቹን ለማየት ሲሄድ የተፈጥሮው ድንጋይ ዕረፍት ያገኛል። ይህ በመደርደሪያ ላይ ናሙና አስቀምጦ ዋናውን ዕቃ ከመነካካት እንደ ማዳን ነው።

ለነጋዴ የሚሆን መደምደሚያ

የኢትዮጵያ ነጋዴ የባሕር ጠረፍ ባይኖረውም የእንግዳ ከተሞች አሉት፤ በሐዋሳ፣ በቢሾፍቱ፣ በባሕር ዳርና በአርባ ምንጭ ሐይቆች ዳር የተሠሩት ሆቴሎች ንግዳቸው በመሠረቱ ከካንኩን ንግድ አንድ ነው። ስለዚህ ከላይ ከተነገረው የሚከተሉትን ነጥቦች ማውጣት ይቻላል።

1ኛ. አስመጪ፣ ሆቴሎች ከውጭ የሚያስመጡትን ዕቃ ዝርዝር ይመርምር። በዝርዝሩ ውስጥ በአገር ውስጥ ሊተካ የሚችለውን ቀድሞ ያየ ሰው አስመጪነቱን ሳይተው አምራችም አቅራቢም ሊሆን ይችላል።

2ኛ. አቅራቢ፣ ከሆቴል ጋራ ውል ከመግባቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ በየቀኑ የሚፈለገው መጠን ስንት ነው? ጥራቱ በምን ይለካል? ገንዘቡ በስንት ቀን ይከፈላል? የሦስተኛውን መልስ ሳያውቅ ዕቃ የሚያስረክብ ሰው ሳያስበው አበዳሪ ሆኗል።

3ኛ. ትንንሽ አቅራቢዎች ይተባበሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ፣ አንድ ገበሬ የማይችለውን የማቀዝቀዣ ቤትና የጭነት መኪና ሃያ ሆነው ሊይዙት ይችላሉ፤ ሆቴሉም ከሃያ ሰዎች ይልቅ ከአንድ ማኅበር ጋራ መዋዋልን ይመርጣል።

4ኛ. ባለሱቅ፣ ጐረቤቱ የሰቀለውን አይስቀል። እንግዳ በአገሩ የማያገኘውን፣ ታሪኩ ሊነገርለት የሚችለውን ዕቃ ይያዝ፤ ከሱቁም ግማሹን ለእንግዳው ሳይሆን ለሠራተኛው ያሰናዳ።

5ኛ. ሁሉም፣ የወቅቱን ሒሳብ ይያዝ። በካንኩን ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል የተገኘው ትርፍ የዐውሎ ነፋሱን ወራት ማሻገር አለበት። የእንግዳ ወራት ገቢን የዓመቱ ሁሉ ገቢ አድርጎ የሚቈጥር ነጋዴ በክረምት ይበደራል።

6ኛ. የሚሸጠውን ሀብት ያልጠበቀ በኋላ በውድ ይገዛዋል። ካንኩን በነጻ ያገኘችውን አሸዋ ሁለት ጊዜ በገንዘብ ገዝታዋለች። በሐይቅ ዳር ሆቴል የሚሠራ ሰው ፍሳሹን ወደ ሐይቁ ቢለቅ የሚያቈሽሸው የገዛ ዕቃ ቤቱን ነው።

በካንኩን ባንኩ መንገዱን፣ ውሃውንና መብራቱን ዐቅዶ ሠራ፤ እንግዳውም እንደ ታሰበው መጣ። ከሆቴሉ ማብሰያ ቤት እስከ ገበሬው ማሳ ያለውን መንገድ ግን ማንም ዐቅዶ አልሠራውም። ያን መንገድ መሥራት የነጋዴ ፋንታ ነው።